ኤች ኢንዴክሴ ጉግል ላይ 5፣ ስኮፐስ ላይ 3፤ ለፕሮሞሽን የቱን ላስገባ?

አፈርና ውሃ
ሰላም ለሁላችሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ፋይል እያዘጋጀሁ ነው። መስኬ የአፈር ለምነት ነው። የዲፓርትመንቱ ፎርም ላይ «ኤች ኢንዴክስ» (የተመራማሪ ሥራ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚለካ ቁጥር) የሚል አንድ ክፍት ቦታ አለ። ከየት እንደሚወሰድ ግን አይልም። ጸሐፊዋን ብጠይቃት «ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚሞላው» አለችኝ።

ጉግል ስኮላር ላይ ዘጠኝ ጽሑፍ አለኝ። ሳይቴሽናቸው (የተጠቀሱበት ብዛት) ከላይ ወደ ታች 41፣ 17፣ 12፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1 እና 0 ነው። ኤች ኢንዴክስህ 5 ነው ይለኛል። ስኮፐስ ላይ ስገባ ደግሞ አራት ብቻ፦ 26፣ 11፣ 4፣ 2። እዚያ 3 ነኝ። ሌላው የሳይቴሽን ቋት ዌብ ኦፍ ሳይንስ መግቢያ ስለሌለን እሱን ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ያንገበግበኛል፤ ልናገረውና ይውጣልኝ። አብሮኝ የሚያመለክት የጤና ሳይንስ ባልደረባ አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ኤች ኢንዴክሱ ግን ከ30 በላይ ነው። ገብቼ ሳየው አብዛኛው በመቶ የሚቆጠር ሰው አብሮ የፈረመበት ጽሑፍ ነው። የምንታየው በአንድ ፎርም፣ በአንድ ኮሚቴ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

ላይብረሪያኗ
ወንድሜ፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። የሚቆጥሩት ነገር ነው የሚለየው። ጉግል ስኮላር ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምሁራዊ የሚመስል ነገር ሁሉ ይለቅማል። የማስተርስ ቴሲስ፣ የኮንፈረንስ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ ገና ያልታተመ ረቂቅ፣ ሁሉንም። ስኮፐስ ግን መርጦ ከተቀበላቸው ጆርናሎች፣ መጻሕፍትና ኮንፈረንሶች ውጭ አይቆጥርም። የአገራችን ጆርናሎች ብዙዎቹ እዚያ የሉም። አንዱ የማስተርስ ተማሪ ቴሲሱ ላይ ቢጠቅስህ ጉግል ያይልሃል፣ ስኮፐስ አያይልህም።

ስሌቱን በራስህ ቁጥር እንየው። ኤች ኢንዴክስ 5 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው። ጽሑፎችህን ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድር። አምስተኛው ጽሑፍህ 6 ጊዜ ተጠቅሷል። 6 ከ5 ስለማያንስ አለፈ። ስድስተኛው 5 ጊዜ ተጠቅሷል። 5 ከ6 ያንሳል፣ እዚያ ቆመ። ስለዚህ 5 ነህ። አስተውል፣ የላይኛው ጽሑፍህ 41 መሆኑ ቀርቶ 4,100 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ያው 5 ነህ። ይህን ለማካካስ ኤጌ የሚባል ቤልጂጋዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጂ ኢንዴክስ የሚባል አመጣ። በእሱ የዘጠኙም ጽሑፎችህ ሳይቴሽን ሲደመር 94 ነው፤ 9 በ9 ሲባዛ 81 ነው፤ 94 ከ81 ስለማያንስ ጂ ኢንዴክስህ 9 ይሆናል። ፎርሙ ግን አልጠየቀህም።

ኤች ኢንዴክስን ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ፊዚሲስት ነው። በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ፊዚሲስቶች ለተባባሪ ፕሮፌሰር ወደ 12፣ ለሙሉ ፕሮፌሰር ወደ 18 ገደማ ብሎ ገምቶ ነበር። ይህን ቁጥር እንዳለ አንስቶ እዚህ አገር ለእርሻ፣ ለሕግ፣ ለቋንቋ መምህር የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ ዝም አትበሉት። ሂርሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መለኪያው ክፉኛ ሊስትና ያልታሰበ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ጽፏል።

ለጥያቄህ መልስ፦ ሁለቱንም ጻፍ፣ ምንጩንና ያየህበትን ቀን ጨምረህ። «ጉግል ስኮላር 5፣ ስኮፐስ 3፣ በዚህ ቀን የታየ»። ቦታው ከጠበበህ በአባሪ አድርገው። ዝም ብለህ 5 ጽፈህ ኮሚቴው ስኮፐስ ላይ 3 ቢያይ የዋሸህ ይመስላል።

ጥቁር ሰሌዳ
ድመት ሳይቀር ሳይቴሽን ባላት ዘመን 5 እና 3 እያላችሁ ትጨነቃላችሁ 😂

ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይቴሽን የሚሸጡ ሰዎችን የሚያጋልጡ ሁለት ተመራማሪዎች ላሪ ለሚባል ድመት የሐሰት የሂሳብ ጽሑፎች ፈጠሩለት። እነሱን ከሚጠቅሱ ሌሎች የሐሰት ጽሑፎች ጋር ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚያጋሩበት ሪሰርችጌት ላይ ጫኗቸው። ጉግል ስኮላር ለቀማቸው። ላሪ ከብዙ ሌክቸረር የሚበልጥ ኤች ኢንዴክስ ወጣለት። ነገሩ ሲወራ ጉግል ቁጥሩን አወረደበት። ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሪል ላቤ የሚባል ፈረንሳዊ አይክ አንትካሬ የሚባል የሌለ ሰው ፈጥሮ በኮምፒውተር በተቀመሩ ትርጉም የለሽ ጽሑፎች ኤች ኢንዴክሱን 94 አድርሶለታል። 94!

አፈርና ውሃ
94?! እኔ በስንት መከራ 5።

ዶ/ር ኤፒ
የ30ውን ጉዳይ ልመልስ፣ እኔም አለሁበትና። የምታወራው ስለ ዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ይመስለኛል። ሲያትል ካለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቋም ይመራል፣ ላንሴት ላይ ይወጣል፣ ከኢትዮጵያም ብዙ ሰው ይሳተፋል። ሰው «ስም ማስገባት ብቻ ነው» ሲል ያመኛል። የእኔን ሥራ ልንገራችሁ። የአገራችን ቁጥር ሲመጣ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የእናቶች ሞት ግምቱ ከዴሞግራፊና ጤና ሰርቬዩ ጋር ካልገጠመ ለምን እንዳልገጠመ እጽፋለሁ። ያልታየ መረጃ ካለ እጠቁማለሁ። ረቂቁን አንብቤ አስተያየት እሰጣለሁ። ይሄ ሥራ ነው። እኛ ባንኖር ስለ ኢትዮጵያ የሚወጣውን ቁጥር ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

ጥቁር ሰሌዳ
ዶክተር፣ ሥራ አይደለም ያለ የለም። ጥያቄው በስንቱ ይካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ የሚባለውን ቅንጣት ክብደት የለኩ ሁለት የሰርን (የአውሮፓ የፊዚክስ ላቦራቶሪ) ቡድኖች ያወጡት ጽሑፍ 5,154 ጸሐፊ ነበረው። ጽሑፉ 33 ገጽ ነው፤ 24ቱ የስም ዝርዝር ነው። ያ ጽሑፍ በተጠቀሰ ቁጥር 5,154 ሰው ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። አፈር ቆፍሮ፣ ናሙና አድርቆ፣ ከሁለት ሰው ጋር የጻፈ ሰውስ?

ዶ/ር ኤፒ
እሱ ላይ አንከራከርም። እኔም ፋይሌ ውስጥ ለብቻው ነው የማስቀምጠው። «በመጀመሪያ ጸሐፊነትና በተጠሪ ጸሐፊነት» አንድ ዝርዝር፣ «በትልቅ ቡድን» ሌላ ዝርዝር። ኮሚቴው ካልጠየቀም አደርገዋለሁ። ሁሉን ቀላቅሎ 35 ብሎ ማቅረብ ግን አለ፣ አይካድም።

ላይብረሪያኗ
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፌስቡክ ላይ «ከዓለም 2 በመቶ ምርጥ ሳይንቲስቶች» እያሉ ፎቶ የሚለጥፉበት ዝርዝር፣ የስታንፎርዱ የኢዮአኒዲስ፣ ይህን ችግር አስቦበታል። የብቻ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጸሐፊ መሆንን ለይቶ ይቆጥራል። በጸሐፊ ብዛት የሚካፈል መለኪያም ውስጡ አለ። ራስን መጥቀስን አውጥቶም አስገብቶም ያሳያል። መረጃው ግን የስኮፐስ ነው። ስኮፐስ ያላየህን እሱም አያይህም።

ስሜ ተበታትኖ
አፈርና ውሃ፣ ስኮፐስ ላይ አራት ብቻ መሆናቸው እርግጠኛ ነህ? ስምህን ፈልግ እስኪ። የአባትህን ስም በላቲን በአንድ ኤስና በሁለት ኤስ የጻፍክበት ጊዜ የለም?

የእኔን ጉድ ስሙ። አንዱ ጆርናል የአባቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወሰደው። ሌላው የራሴን ስም ወሰደና የአባቴን በአንድ ፊደል አሳጠረው። ሦስተኛው ላይ የአያቴም ስም ስለነበረበት በአያቴ ስም ተመዘገብኩ። ስኮፐስ ሦስት ሰው ነው ብሎ አስቀመጠን። ሳይቴሽኔ ለአባቴና ለአያቴ ሲከፋፈል ኖረ። ከፈረንጅ ጋር የጻፍኩት ጽሑፍ ላይ ያሉት አብሮ ጸሐፊዎቼ ደግሞ ሁሉም በአንድ ስም ተሰብስበው ቁጭ ብለዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። ጉግል ስኮላር ስሙ የሚመሳሰል የሌላ ሰው ጽሑፍ ፕሮፋይላችሁ ላይ በራሱ ይጨምራል። የእኛ አገር ስም ደግሞ ይደጋገማል፤ የአንድ ተስፋዬ አበበ ፕሮፋይል ላይ የሦስት ተስፋዬ አበበ ሥራ ብታገኙ አይግረማችሁ። አንዳንዱ እያወቀ ዝም ይላል፣ ቁጥሩ ስላማረለት። ኮሚቴ ፊት ግን «ይሄ የልብ ቀዶ ሕክምና ጽሑፍ ያንተ ነው?» ሲባል ነው ጉዱ።

መፍትሔው ኦርኪድ ነው። ነፃ ነው። 16 አሃዝ ያለው መለያ ይሰጥሃል፣ ስምህ በፈለገው መንገድ ቢጻፍ ያ ቁጥር አይቀየርም። ጆርናል ላይ ስታስገባ እሱን ጨምር። ስኮፐስ ላይ ደግሞ «እነዚህ ሁለት ፕሮፋይሎች የእኔ ናቸው፣ አዋህዱልኝ» የሚል ጥያቄ ማስገባት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

ጡረተኛው
ልጆች፣ ስታወሩ እያነበብኩ ነው። አስተማሪ ሆኜ ዘመኔን የጨረስኩት ይሄ ሁሉ ቆጠራ ሳይመጣ ነው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማን በኤች ኢንዴክስ ስንት ትሰጡት ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ብልሃርዝያን ሲያጠና ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆሞ አየ። ልብሱ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። ከሚታጠብበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ ከላይ ባለው ውሃ ሕይወታቸው አለ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። እንዶድን እናቶቻችን ስንት ዘመን ሲያጥቡበት ኖረዋል፣ ያን ያየ ግን እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ውጤቱን ዓለም እንዲቀበለው ስንት ዓመት ደከመ! በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራ ምርመራ አይበቃም፣ በውጭ ይደገም እየተባለ ጊዜ ሄደ። ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ይህን ሰው በየትኛው ኮለም ነው የምትሞሉት?

ኔዘርላንድ ያለሁት
ጋሼ፣ እዚህም የሚሉት ይህንኑ ነው። ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 በቅጥርና በእድገት ላይ ኢምፓክት ፋክተርን (ጆርናል በአማካይ ስንት እንደሚጠቀስ የሚያሳይ ቁጥር) አልጠቀምም ብሏል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አዘጋጆችና አሳታሚዎች ተሰብስበው ያረቀቁት መግለጫ አለ። ዶራ ይሉታል፤ በማግስቱ ዓመት ወጣ። ሰውን በጆርናሉ ስም አትለኩ፣ ሥራውን አንብቡ ነው ጭብጡ። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2020 ለጽሑፍ ቁጥር የገንዘብ ጉርሻ መስጠት ይቅር ብላለች። አሁን እዚህ ለፈንድ ሳመለክት የሚጠይቁኝ በጽሑፍ የሚተረክ ሲቪ ነው፦ ምን ሠራህ፣ ለማን ጠቀመ፣ የአንተ ድርሻ ምን ነበር። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ለምን አይጀምሩም?

ኮሚቴ የነበርኩ
ለምን እንደማይጀምሩ ልንገርህ፣ ወንድሜ።

የፕሮሞሽን ኮሚቴ ውስጥ ቆይቻለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ቁጥር ሳይኖር በፊት «ሥራውን አንብበን እንወስን» የሚባልበትን ዘመን አይቼዋለሁ። የሚያነብ ሰው አልነበረም። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል፣ አንዱ «ይሄ ልጅ ጸባዩ እንዴት ነው?» ይላል፣ ሌላው «ከዲኑ ጋር ተጋጭቶ ነበር» ይላል፣ አለቀ። ሰውዬው ጥሩ ጆርናል ላይ ስድስት ጽሑፍ ይዞ ለሁለት ዓመት ፋይሉ ያድራል። ዘመድ ያለው ደግሞ በሴሚናር ጽሑፍ ያልፋል። ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የተደሰቱት እነዚያ ዘመድ የሌላቸው ልጆች ናቸው። «ስኮፐስ ላይ ገብታችሁ እዩ» ማለት ቻሉ። ዲኑ ሊሰርዘው የማይችል ነገር ያዙ።

ዩትሬክት ቁጥሩን ሲጥል የሚያነብ ሰው፣ ለማንበብ የሚከፈል ጊዜ፣ ከውጭ ገለልተኛ ገምጋሚ አለው። እኛ ጋ ቁጥሩን ብትጥለው ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ያ የድሮው ተመልሶ ይገባል። የዶክተር አክሊሉን ታሪክ አከብራለሁ፣ ጋሼ። ግን እንደ እሱ ያለ ሥራ አለኝ የሚል ሰው ኮሚቴ ፊት ሲመጣ፣ የእውነት ያለውንና አፉ ብቻ ያለውን በምን እንለያለን? እኔ መልስ አጥቼ ነው ቁጥሩን የያዝኩት። ጎደሎ መሆኑን ሳላውቅ አይደለም።

ጡረተኛው
ይሄንስ መካድ አይቻልም። የዲኑን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። 🙂

የታሪክ ሰው
ኮሚቴ የነበርኩ፣ ቁጥሩ ዘመድ የሌለውን ልጅ አዳነ ብለዋል። ጥሩ። እኛን ግን ቀበረን። የእኔ ኤች ኢንዴክስ 2 ነው። በአማርኛ የጻፍኩት የአካባቢ ታሪክ መጽሐፍ አለ። የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ቴሲስ ሲጽፍ እሱን ሳይጠቅስ አያልፍም። ሆኖም ቴሲሱ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጉግል መደርደሪያ አያይም። ስኮፐስም የአማርኛ መጽሐፌን ሊቆጥር አይመጣም። የታሪክ ሰው በመጽሐፍ ነው የሚያስበው። አንድ መጽሐፍ ደግሞ አሥር ዓመት ቢፈጅም፣ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም፣ በኤች ኢንዴክስ 1 ነው። ሂሳቡን ከላይ አይታችሁታል።

አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ መጽሐፉን ስድስት ቦታ ቆርጠው በእንግሊዝኛ ያውጡት» ብሎኛል። መካሪዬ ነው፣ ክፉ አላሰበም። ግን ያን ሳደርግ የአካባቢው ሰው የራሱን ታሪክ የሚያነበው በምንድን ነው?

ላይብረሪያኗ
ይሄ ከሁሉም የከበደው ነው፣ ጋሼ። ከፊሉን ግን ቤታችን ውስጥ መፍታት ይቻላል። ቴሲሶቹ ዲጂታል ማኅደር ላይ ከነማጣቀሻ ዝርዝራቸው በሚፈለግ ፒዲኤፍ ቢጫኑ፣ ጉግል ስኮላር ለቅሞ ለእርስዎ የመቁጠር ዕድሉ ሰፊ ነው። ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ የተጫነ ግን ለማሽኑ ብዙም አይነበብለትም፣ በተለይ በግዕዝ ፊደል የሆነው። እኛ ጋ የተጫነው አብዛኛው እንደዚያ ነው። መጽሐፉንም ጉግል ስኮላር ፕሮፋይልዎ ላይ በእጅ ማስገባት ይቻላል። ቁጥር ባይጨምርም ኮሚቴው መኖሩን ያያል።

መለኪያዎቹ ሲጀመሩ ሰውን ለመመዘን አልነበረም፣ ይሄንንም ልበል። ዩጂን ጋርፊልድ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያቀርብ የፈለገው አንድ ጽሑፍ በኋላ በማን እንደተጠቀሰና እንደተተቸ ለመከታተል ነው። ኢምፓክት ፋክተር ደግሞ የጆርናል ነው። አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ፣ ለጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል። በቃ። አንድ ሁለት በብዛት የተጠቀሱ ጽሑፎች ሙሉውን ጆርናል ይሸከሙታል። እዚያ ጆርናል ላይ የወጣው ያንተ ጽሑፍ ጭራሽ ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል።

ሳይቴሽን ራሱስ ምን ይለካል? በታሪክ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች ዋናው ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ጽሑፍ ነው። በአንድ ናሙና ውስጥ ፕሮቲን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የዲኤንኤን ቅርጽ ያወጣው የዋትሰንና ክሪክ ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ መቶ ውስጥ እንኳ አልገባም። ሰው የሚጠቅሰው የተጠቀመበትን ነው። ዘዴ ከጻፍክ ትጠቀሳለህ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ከሆንክ ደግሞ መጠቀስህ ይቀራል።

ጥቁር ሰሌዳ
የመጠቃቀስ ዕቁቡን ማንም አላነሳም እኮ። «አንተ ጥቀሰኝ፣ እኔ ልጥቀስህ»፣ ዙር ጠብቆ ይደርሳል። ገምጋሚ ሆኖ ተልኮለት «እነዚህን አምስት ጽሑፎች ቢጠቅሱ ጽሑፍዎ ይጠናከራል» የሚል አለ፤ አምስቱም የራሱ። እኔ ደርሶብኛል፣ ሦስቱን ጠቅሼ አለፍኩ። ምን ላድርግ?

ዶ/ር ኤፒ
ለአዘጋጁ ጻፍለት። «ሁለቱ ከርዕሱ ጋር ይሄዳሉ፣ ሦስቱ አይሄዱም» በል። ብዙ አዘጋጅ ይሰማል።

ሌላም ነገር። ኢሜይል ላይ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በሁለት ሳምንት እናትምልዎ» የሚሉትን ተጠንቀቁ። የኮሎራዶው ላይብረሪያን ጄፍሪ ቢል የነዚህን ዝርዝር ይይዝ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ከድረ ገጹ አነሳው። አሁን የድሮ ቅጂውን ይዞ የሚከራከር አለ፤ ጊዜው አልፎበታል። የሚሻለው ጆርናሉ ስኮፐስ ዝርዝር ላይ ዛሬ መኖሩን ማየት ነው፤ የተሰረዘ ከሆነም እዚያው ተጽፏል። የእውነተኛ ጆርናል ስም ሰርቀው የሐሰት ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉ፤ አድራሻውን ከዝርዝሩ ላይ ውሰዱ፣ ከኢሜይሉ ላይ አትጫኑ። የአገር ውስጥ ከሆነ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸውን እዩ።

አፈርና ውሃ
ስሜ ተበታትኖ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ፈለግኩ፣ አገኘሁት። የአባቴ ስም ካሳ ነው፤ በአንድ ኤስ የተጻፈ ሌላ «እኔ» ስኮፐስ ላይ ነበር። ሁለት ጽሑፍ፣ 7 እና 4 ሳይቴሽን። ጥያቄ አስገባሁ፣ ኦርኪዴንም አገናኘሁ፣ አዋሃዱልኝ። አሁን 26፣ 11፣ 7፣ 4፣ 4፣ 2 ነኝ። ኤች ኢንዴክስ 4። ጉግል ላይ ያው 5።

ፎርሙ ላይ ሁለቱንም ጽፌ አባሪ አደረግኩ። በመጀመሪያ ጸሐፊነት የጻፍኳቸውንም ለየሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ከ26ቱ ሳይቴሽን የተወሰነው እኔው ራሴ የጠቀስኩት ነው። ላውጣው?

ኮሚቴ የነበርኩ
የራስን የቀድሞ ሥራ መጥቀስ ነውር አይደለም። የአፈር ሙከራ ተከታታይ ነው፣ ያለፈውን ዓመት ውጤት ሳትጠቅስ ምን ትጽፋለህ? ግን ቁጥሩን አሳይ። ስኮፐስ ላይ የራስን ሳይቴሽን አውጥቶ የሚቆጥር ምርጫ አለ፤ ተጫነውና የራስህ ሳይቴሽን ያለበትንም የሌለበትንም ቁጥር ጻፍ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ማንም አይነካህም። አባሪው ላይ ደግሞ ስለ ባለ 41ዱ ጽሑፍህ ሁለት መስመር ጨምር። ማን ነው የሚጠቅሰው? የግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ከሆኑ፣ ምክረ ሐሳቡ ለአርሶ አደሩ ደርሶ ከሆነ፣ ስሙን ጠርተህ ጻፈው። ደብዳቤ ካለህ አያይዝ።

አፈርና ውሃ
የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የጻፈልኝ አለ። ማኅተሙ ግን ደብዝዟል።

ኮሚቴ የነበርኩ
ሄደህ አስመታው።